ጣይቱ ሆቴልና የታሪካዊ ቤቶች አዲስ አገልግሎት

ታሪካዊ ቤታቸውን ወደ ሻይ ቤትነት ወይም ወደ እንግዳ ማረፊያነት ለመለወጥ የሚያስቡ ባለይዞታዎች በቅድሚያ ሊመልሱት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ቤቱ ለአገልግሎቱ ይስተካከል ወይስ አገልግሎቱ ለቤቱ? የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘው የጣይቱ ሆቴል ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በቂ ትምህርት ይሰጣል።

ሆቴሉ በእቴጌ ጣይቱ ብጡል አነሳሽነት በ1890ዎቹ ማብቂያ የተሠራ ሲሆን፣ በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል እንደሆነ ይታወቃል። ሕንፃውን ልዩ የሚያደርጉት ሰፊው የእንጨት ደረጃ፣ የሳንቃው ወለል፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለው ክፍሎችና ሰገነቱ ናቸው። እነዚህ ክፍሎች ከመቶ ዓመት በላይ ለእንግዳ ማደሪያነትና ለምግብ አዳራሽነት በማገልገላቸው ሕንፃው ከነታሪኩ ሊቆይ ችሏል። ነዋሪ የሌለው ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያየው፣ ምስጥ ሲገባው የሚደርስለት የለም፤ አገልግሎት ራሱ አንድ የጥበቃ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ የቤቱ ውበት የሆነው እንጨት የአደጋው ምክንያትም ሊሆን ይችላል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የደረሰው የእሳት ቃጠሎ ጃዝአምባ የተሰኘውን የሙዚቃ ቤት ጨምሮ የሆቴሉን ከፊል አካል አውድሟል። የእሳት መነሻ ምንም ይሁን ምን፣ በዘመናት የደረቀ እንጨት ነበልባልን በፍጥነት ያዛምታል። የዛሬው ማዕድ ቤት፣ የውኃ ማሞቂያና የድምፅ መሣሪያ የሚጠይቀውን የኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ የዚያን ዘመን ግንበኞች ሊገምቱት አይችሉም ነበር።

ከአዲስ አበባ ውጭም ተመሳሳይ ልምድ አለ። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሐረር ጀጎል ውስጥ አንዳንድ ባህላዊ ቤቶች እንግዳ ያሳድራሉ። እንግዳው የሚመጣው በየደረጃው ከፍ ብለው የተሠሩትን መደቦች፣ ማለትም ነደባዎቹን፣ ለማየትና በእነርሱ ላይ ለመቀመጥ ነው። መደቡ ፈርሶ በምትኩ ሶፋ ቢገባ ባለቤቱ ገበያውንም ቅርሱንም ያጣል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ባለይዞታ ቅርሱን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ማናቸውም የጥበቃና የእድሳት ሥራ በባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ ብቻ እንደሚከናወንም ያመለክታል። ወጪው ከባለይዞታው አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ለመሸፈን አስፈላጊውን እርምጃ ሊወስድ እንደሚችል አዋጁ አስቀምጧል። ስለሆነም ፈቃድ መጠየቅ የድጋፍ በርም ጭምር መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

በዚሁ መሠረት ባለይዞታዎች፦

1. ማንኛውንም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን በሚመለከተው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት እንዲያረጋግጡ፤

2. የቤቱን ነባር ይዞታ በፎቶግራፍና በልኬት መዝግበው እንዲያስቀምጡ፤

3. ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ክፍል በተቻለ መጠን ከዋናው ቤት ውጭ እንዲሠሩ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም በባለሙያ እንዲታደስ፤

4. በጭቃ የተገነባን የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ ከመለሰን እንዲቆጠቡ፣ ሲሚንቶ እርጥበትን አፍኖ ግንቡን ስለሚጎዳ፤

ይመከራሉ። የተሰነጠቀ ግንብ ሊጠገን፣ የዛገ ቆርቆሮም ሊቀየር ይችላል። ያለ ፈቃድ የፈረሰ ነባር ደረጃ ግን በአምሳሉ ቢተካ እንኳ ቅጂ እንጂ ቅርስ አይሆንም።