የቆላ ቤት መብራት ከግቢ ይጀምራል

ከመተማ ዮሐንስ እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ ባለው ቆላ ቤቱን የሚያድስ ሰው መብራት የሚያስታውሰው ልስኑ ደርቆ ቀለሙ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ኤሌክትሪሻን ይጠራና በየክፍሉ ጣሪያ መሐል አንድ አንድ ነጭ አምፖል ይሰቀላል፣ ሳሎኑ ጌጠኛ መብራት ይገዛለታል፣ ከአጥሩ ጥግ ደግሞ ፓውዛ ይተከላል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። የቆላ ሰው መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው የግቢው መብራት ነው።

ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ቀን ሲጋል የዋለ ብሎኬት ደግሞ ሌሊቱንም ሙቀቱን ይለቃል። ስለዚህ ገዳሪፍ ውስጥ ምሽቱ የሚያልፈው ሱዳኖች ሆሽ በሚሉት ግቢ ነው። የገመድ አልጋ ይወጣል፣ ራት ይቀርባል፣ ሻይ ይፈላል፣ ልጅ ያጠናል፣ እንቅልፍም እዚያው ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሳ በድንበር ከተማዋ ገላባት በኩል ወደ መተማ የተመለሱ ወገኖቻችን ይህን ኑሮ አብጠርጥረው ያውቁታል። ታዲያ አራትና አምስት ሰዓት ሙሉ የምንኖርበትን ቦታ ለአንድ ፓውዛ ትተን፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ለሚከፈት ሳሎን ገንዘብ የምናፈሰው ስለምን ነው?

«ጋሼ፣ ፓውዛ ካልተተከለማ ግቢው ምኑን ግቢ ሆነ!» የሚል ኤሌክትሪሻን በየሰፈሩ አለ። ልጁ ክፋት የለውም፤ ብርሃን በበዛ ቁጥር ቤት የሚያምር ይመስለዋል። ነገር ግን ፓውዛ ዓይን ላይ ያበራል፣ ከዛፉና ከግድግዳው ኋላ ድቅድቅ ጥላ ይፈጥራል፣ የተኛውን ሰው ይረብሻል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ነፍሳት መጥራቱ ነው።

ይህን ነገር እንደ ቀላል ማየት አይገባም። መተማና ገዳሪፍ የካላዛር አገር ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈር ውስጥና በግራርና በበደኖ ጫካ ተጠልላ ትውላለች፤ የምትናከሰው በአብዛኛው ከመሸ በኋላ፣ ደጅ ላይ ነው። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ክፉኛ የሚጠቁትም ደጅ ስለሚያድሩ ጭምር ነው። ተመራማሪዎች ዝንቧን ለማጥመድ ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ መብራት ያለበት ወጥመድ ነው። እኛ ደግሞ መብራቱን ከአልጋችን በላይ እንሰቅላለን! መብራት ማሳነስ በኬሚካል የተነከረ አጎበርን አይተካም፤ ነፍሳትን ወደ አልጋ መጥራት ግን ይቀንሳል።

ስለዚህ አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። ኬልቪን የሚለው ቁጥር የብርሃኑን ቀለም ይነግራችኋል፤ 2700 ወይም 3000 ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፣ 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። ቢጫው ከነጩ ያነሰ ነፍሳት ይስባል፣ ለእንቅልፍም ይሻላል። ለግቢው ግድግዳ ላይ ከጉልበት እስከ ወገብ ባለው ከፍታ የሚገጠሙ፣ ወደ መሬት ብቻ የሚያበሩ ትንንሽ ባለ ኤልኢዲ መብራቶች ይበቃሉ። ምግብ የሚሠራበትና ልጅ የሚያጠናበት ቦታ ብቻ ጠንከር ያለ ብርሃን ይሰጠው፤ እሱም ከመኝታው ራቅ ይበል።

ከቀለሙ ሌላ ዋቱንም እዩ። ድሮ የምናውቀው 60 ዋት አምፖል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው ከመቶ አምስት ያህሉን ቢሆን ነው። የቀረው ሙቀት ነው። 9 ዋት ኤልኢዲ ተመጣጣኝ ብርሃን፣ 800 ሉመን አካባቢ፣ ይሰጣል። በ40 ዲግሪ አገር በየጣሪያው ምድጃ የሚሰቅል ሰው ሊኖር አይገባም።

የኃይሉም ነገር አለ። ከጎንደር በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የሚገባው 230 ኪሎ ቮልት መስመር የኢትዮጵያን ኃይል ወደ ሱዳን ለማሻገር የተዘረጋ ነው፤ ይሁንና ትልቅ መስመር በአጠገብ አለፈ ማለት ቤታችን መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። ልስኑ ሳይመረግ በፊት፣ ግድግዳው ገና ክፍት ሳለ፣ ለሶላርና ለባትሪ የሚሆን ሌላ መስመር በኮንዲዩት (በሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) አስቀብሩ። አምስት መብራት አምስት አምስት ዋት ቢሆኑና አራት ሰዓት ቢበሩ የሚፈጁት 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን እንኳ ሳይጨርስ ይሸፍነዋል። ግድግዳ ከተለሰነ በኋላ ይህን ላድርግ ማለት መዶሻና ሁለተኛ ወጪ ነው።

ከዚህ የሶላር መስመር መጀመሪያ የሚነሳው መብራት የመጸዳጃ ቤቱ መንገድ ይሁን። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ወደ ሱዳን የተሰደዱ ወገኖች በሰፈሩባቸው ኡም ራኩባና ቱናይድባን በመሰሉ ጣቢያዎች፣ ሴቶችና ልጃገረዶች በሌሊት ከመጠለያቸው ወጥተው መጸዳጃ ድረስ መሄድ ምን ያህል የሚያስፈራ እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። ባለ አጥር ግቢ ውስጥ ያ ፍርሃት ቢቀንስ እንኳ ጊንጥና እባብ አለ። ከአልጋው እስከ መጸዳጃው በር የእግር መሄጃውን ብቻ የሚያሳዩ ሦስት ደብዛዛ መብራቶች ይበቃሉ። ማብሪያቸው ሁለት ቦታ ይሁን፤ አንዱ በመጸዳጃው በር፣ ሌላው የተኛች እናት ሳትነሳ እጇን ዘርግታ የምትደርስበት ከፍታ ላይ። የደጁ ማብሪያ የክረምቱ ዝናብ ስለሚያገኘው ውኃ የማያስገባ ክዳን ያለውን ምረጡ።