ዲጂታል ሚክሰር፦ መሣሪያው ገብቷል፣ ዕውቀቱስ?

ሳይንስ ወደ አንድ አገር የሚገባው በሁለት በሮች ነው። አንደኛው የመማሪያ ክፍል፣ ሁለተኛው ገበያ ነው። በገበያው በር የሚገባ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ዕውቀቱን ወደ ኋላ ጥሎ ብቻውን ይመጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን በምናገኛት በዲላ ይህን ለመታዘብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በስብሰባ አዳራሽ፣ በአምልኮ ሥፍራ፣ በሠርግ ድንኳንና በአደባባይ በዓል ድምፅን የሚመራው የድምፅ ማደባለቂያ፣ በተለምዶ አጠራሩ ሚክሰር፣ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል እየተለወጠ ነው። ቁልፎቹን የሚነካው ወጣት ሙያውን የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛው አይቶ ነው። የሞገድን ባሕርይ በቀመር የተማረው የፊዚክስ ተማሪ ደግሞ መሣሪያውን ከሩቅ ያየዋል እንጂ አይነካውም።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። ዲጂታል ሚክሰር የመዝናኛ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የተሟላ የሳይንስ ቤተ ሙከራ ነው፤ ስለዚህ የሳይንስ ተማሪዎች ሊያውቁትና ሊመሩት ይገባል። በጌዴኦ ምድር ዕውቀቱን ማጣት የሚያስከፍለው ዋጋ ከጆሮ መታከት ያለፈ ነው። የአገር ሽማግሌዎች ቃል በድምፅ በሚቀዳበት በዚህ ዘመን፣ በአንድ ቁልፍ ስሕተት የተበላሸ ቅጂ እንደ ነበረ አይመለስም።

ከማይክሮፎን እስከ ቁጥር

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። ማይክሮፎን የአየርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይለውጣል። ይህ ቮልቴጅ እጅግ ትንሽ፣ በሚሊቮልት የሚለካ ነው። ወደ ሚክሰሩ የሚገባው ኤክስ ኤል አር በሚባለው ባለ ሦስት እግር ማገናኛ ነው። አንደኛው እግር የመሬት መስመር ሲሆን፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው እግር ላይ ያው ድምፅ እርስ በርሱ ተቃራኒ ምልክት ይዞ ይጓዛል። በመንገድ ላይ ከመብራት መስመር ሾልኮ የሚገባው የ50 ሄርዝ ጉምጉምታ ግን በሁለቱም ሽቦዎች ላይ በእኩል ምልክት ያርፋል። ሚክሰሩ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ ጉምጉምታው ይጣፋል፣ ድምፁ ግን እጥፍ ይሆናል። «ሀ ሲቀነስ አሉታዊ ሀ እኩል ይሆናል 2ሀ» የሚለው የአልጀብራ ትምህርት በዚህ ገመድ ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል። ኮንደንሰር የተባሉት ማይክሮፎኖች የሚፈልጉት የ48 ቮልት ኃይልም የሚላከው በነዚሁ ሁለት እግሮች በእኩል መጠን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዜሮ ስለሆነ ድምፁን አይነካውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጌን የሚባለው ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ ትንሹን ቮልቴጅ ያጎለብትና ወደ ዲጂታል ለዋጩ ያደርሰዋል። ለዋጩ በ48 ኪሎ ሄርዝ ሲሠራ ሞገዱን በየሴኮንዱ 48,000 ጊዜ እየለካ ልኬቱን በቁጥር ይጽፋል። ለምን ይህን ያህል? የናይኩዊስትና የሻነን ሕግ እንደሚያስተምረን፣ አንድን ሞገድ ከናሙናዎቹ መልሶ ለመሥራት የናሙናው ድግግሞሽ ከሞገዱ ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ መብለጥ አለበት። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ በመሆኑ ከ40,000 በላይ የሆነ ቁጥር ይበቃል።

እያንዳንዱ ልኬት በ24 ቢት ሲጻፍ 16,777,216 ደረጃዎች ይኖሩታል። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር በጸጥታውና በጣሪያው መካከል ያለው ርቀት በ6 ዴሲቤል ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የበቃው ሲዲ በ16 ቢት 96 ዴሲቤል ያህል ሲኖረው፣ የ24 ቢት ስሌት ወደ 144 ይደርሳል። ሠላሳ ሁለት ቻናል ያለው ሚክሰር ታዲያ በየሴኮንዱ 36,864,000 ቢት ይቀበላል ማለት ነው። ያማሃ ዲኤምፒ7 የተባለውን ዲጂታል ሚክሰር እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያወጣ የብዙዎች አቅም የማይደርስበት ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የቤሪንገር ኤክስ32 ግን በአንድ ተራ የኔትወርክ ገመድ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 48 ቻናል ከመድረክ ወደ ሚክሰር ማመላለስ የሚችል ሲሆን፣ ቴክኖሎጂውን ወደ ትናንሽ አዳራሾች አወረደው።

ከዜሮ በላይ ቦታ የለም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በመሠረተው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ዘመን ድምፅ የሚቀዳው በማግኔት ቴፕ ነበር። ቴፕ ሲጨናነቅ ቀስ በቀስ ይጠግባል፤ የሞገዱን ጫፍ ያለዝበዋል እንጂ በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም። በዘመኑ የተሠሩ አንዳንድ ቅጂዎች ላይ የሚሰማው ሞቅ ያለ ቃና ከዚህ ባሕርይም የመጣ ነው። አናሎግ መሣሪያ፣ በአጭሩ፣ ጥቂት ይቅርታ ያውቃል።

ዲጂታል ይቅርታ አያውቅም። በዲጂታል መለኪያ ከፍተኛው ነጥብ 0 ዴሲቤል ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዜሮ በታች በአሉታዊ ቁጥር ይገለጻል። ለዋጩ ከሚችለው የበለጠ ቮልቴጅ ሲመጣ የሚጽፈው ያንኑ የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ነው። ክብ የነበረው የሞገድ ጫፍ እንደ ጠረጴዛ ይስተካከላል፤ በጆሮም የመሰንጠቅ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። የተቆረጠው ጫፍ ምን ይመስል እንደነበር የሚናገር መረጃ የትም አልተጻፈም። ዘመናዊ ሶፍትዌር ግምት ሊሞላበት ይችላል፤ ግምት ግን እውነተኛው ድምፅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ በስፋት የሚታይ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ድምፁ ሲሰነጠቅ ብዙዎች ፌደሩን፣ ማለትም ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተውን መቆጣጠሪያ፣ ዝቅ ያደርጋሉ። ፌደሩ ግን የሚገኘው ከለዋጩ በኋላ ነው። ወንዙ ከምንጩ ደፍርሶ ሳለ ከታች በጠባብ ቦይ ብናሳልፈው የምናገኘው ያው ድፍርስ ውኃ ነው፤ መጠኑ ብቻ ያንሳል። ፈውሱ ያለው ከለዋጩ በፊት ባለው በጌን ቁልፍ ላይ ነው። በዩኤስቢ የሚቀዳው ድምፅም ብዙውን ጊዜ ከፌደሩ በፊት የሚወሰድ ስለሆነ፣ ፌደሩን ያወረደ ሰው በድምፅ ማጉያው ሰላም ቢያገኝም ቅጂው ሲሰነጠቅ ያመሻል።

የሽማግሌ ቃል በምን ይቀዳል?

ይህ ሁሉ ለጌዴኦ ምን ይፈይዳል? የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ቡናና እንሰት ከአገር በቀል ዛፎች ጋር የሚያድጉበት ጥምር እርሻ፣ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲን የመሳሰሉት የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች የዚሁ ቅርስ አካል ናቸው። ድንጋዩን ፎቶ ማንሳት፣ ዛፉንም መቁጠር ይቻላል። ዛፉ የማይቆረጥበትን ምክንያት፣ የባሌን ሥርዓትና በሶንጎ ሸንጎ የሚሰጠውን ፍርድ የያዘው ግን በዋናነት በጌዴኡፋ የሚነገረው የሽማግሌ ቃል ነው። ይህ ቃል በድምፅ ካልተያዘ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር የተቀዱት ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላም ለመሰማት በቅቷል። በዚያ ዘመን ለዋጭ፣ ቢትና ናሙና የሚባል ነገር አልነበረም። እኛ ከነዚያ ባለሙያዎች እጅግ የላቀ መሣሪያ ይዘን ከነሱ የባሰ ቅጂ ለልጅ ልጆቻችን ብናወርስ የሚያሳፍር ይሆናል። ጥንቃቄው ደግሞ ውድ አይደለም። ተናጋሪው በተለመደው ድምፃቸው ብቻ ሳይሆን ሲስቁና ሲመርቁ በሚያወጡት ከፍ ባለ ድምፅም አስቀድሞ ይሞከር፤ ከፍተኛው ጫፍ ከአሉታዊ 12 ዴሲቤል እንዳያልፍ ጌኑ ይስተካከል። በ24 ቢት ሲቀዳ ይህን ያህል ቦታ መተው የሚያጎድለው የሚሰማ ጥራት የለም። የተቀዳውም በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ።

«ይመታል» ማን ነው?

የሚክሰር ቁልፎች ቋንቋንም ይነካሉ። በአማርኛ «ይመታል» የሚለውን ቃል ስናላላው ዱላ የያዘውን፣ ስናጠብቀው ዱላ የሚያርፍበትን ያመለክታል። ልዩነቱ ያለው በተነባቢዎቹ ርዝመት ነው። ሲጠብቅ «ት» ላይ አየሩ ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ ይዘጋል፤ ያቺ አጭር ጸጥታ ናት መቺውን ከተመቺው የምትለየው። በአዳራሽ ስብሰባ ላይ ለማሳመር ተብሎ የሚጨመረው ረጅም የገደል ማሚቶ፣ ሪቨርብ የሚባለው፣ ያችን ጸጥታ በቀደመው ድምፅ ጭራ ይሞላታል። አድማጩ ድምፅ ይሰማል፤ ቃል ግን ያጣል። ማጥበቅና ማላላት ትርጉም በሚለይበት በጌዴኡፋም ጉዳቱ ያው ነው።

ኢኳላይዘሩም እንዲሁ ነው። የአናባቢዎች ጉልበት በአብዛኛው ከ1,000 ሄርዝ በታች ሲሆን እንደ «ሰ»፣ «ጨ» እና «ፀ» ያሉ ተነባቢዎች መለያቸው ከ2,000 ሄርዝ በላይ ነው። ቤዙን ያለ ልክ የሚያነሣ ሰው ንግግሩን ግርማ የሰጠው ይመስለዋል፤ በተግባር ግን ተነባቢዎቹን ይቀብራቸዋል። ለንግግር ከ80 እስከ 100 ሄርዝ በታች ያለውን በማጣሪያ መቁረጥ፣ የትንፋሽና የማይክሮፎን መነካካት ድምፅንም አብሮ ያስወግዳል።

በሰፊ ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ በጌዴኦ ዘመን መለወጫ በደራሮ በዓል፣ ሌላ ቁልፍ ይመጣል፤ እሱም የማዘግያው ቁልፍ ነው። ድምፅ በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሴኮንድ 345 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በሽቦ የሚሄደው ምልክት ግን ወዲያውኑ ይደርሳል። ከመድረኩ 50 ሜትር ርቆ ሁለተኛ ድምፅ ማጉያ ከተተከለ፣ በዚያ የቆመ ሰው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። 50ን ለ345 ስናካፍል 0.145 ሴኮንድ እናገኛለን። በዲጂታል ሚክሰሩ ላይ 145 ሚሊ ሴኮንድ መሙላት ሁለቱን ቃላት አንድ ያደርጋቸዋል። ከዚህ የተሻለ የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ልምምድ ከየት ይገኛል?

የጆሮ ነገር

የድምፁ መጠን የጤና ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ምክር እንደሚለው ጆሮ በቀን 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይችላል፤ በየ3 ዴሲቤል ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መስፈርት በሙዚቃ ዝግጅት ቦታዎች የ15 ደቂቃ አማካይ መጠን ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ አሳስቧል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጸጉር መሰል ሴሎች አንዴ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። ከድምፅ ማጉያው ፊት የሚጨፍረው ሕፃን ይህን አያውቅም፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ግን ማወቅ ግዴታው ነው።

ምን ይደረግ?

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እገምታለሁ። የመጀመሪያው «አዲሶቹ መሣሪያዎች ሁሉን በራሳቸው ያስተካክላሉ» የሚል ነው። አንዳንዶቹ በእርግጥ ጌንን በራሳቸው ይገምታሉ፤ ቅንብርንም በማኅደረ ትውስታ ያስቀምጣሉ። ነገር ግን ማይክሮፎኑ የት እንደሚቆም፣ ምን መቀዳት እንዳለበት፣ ሁለት ዲጂታል መሣሪያዎች ሲገናኙ የትኛው ሰዓት እንደሚመራቸው የሚወስነው ሰው ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስም ዲጂታሉ እንደ ኮምፒውተር እስኪነሣ ጊዜ ይፈልጋል። ቅንብሩን አስቀድሞ ያላስቀመጠና መጠባበቂያ ባትሪ ያላዘጋጀ ባለሙያ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት እጁን አጣጥፎ ይቆማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለመሠረታዊ ቤተ ሙከራ ዕቃ በሌለበት ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። መልሱ በራሱ በጥያቄው ውስጥ አለ። ዕቃው በየአዳራሹ ተቀምጦ ዝግጅት በሌለበት ቀን ሁሉ ሥራ ፈት ነው። በሞገድ፣ በናሙና፣ በሎጋሪዝምና በወረዳ ፍሰት የምናስተምረውን ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ሳለ፣ ተማሪውን በሰሌዳ ሥዕል ብቻ መመለስ ነው ይበልጥ ብክነት የሚሆነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይታሰቡ እላለሁ። የፊዚክስና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች የሚክሰር ልምምድን ከቤተ ሙከራ ሥራቸው ጋር ያዋሕዱ። ተማሪዎች በበኩላቸው ዕውቀቱን በከተማው ላሉ የድምፅ ባለሙያዎች ያካፍሉ፤ ከነሱም የእጅ ልምዱን ይማሩ፤ የጆሮ ብስለት በቀመር ብቻ አይገኝምና። የሽማግሌዎችን ቃል ለመቅዳት የሚወጣ ማንኛውም ቡድንም ጌንን ከፌደር የሚለይ አንድ ሰው ሳይዝ አይውጣ።

ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ሲሰነጠቅ ስትሰሙ ጆሮአችሁን ይዛችሁ ብቻ አትቀመጡ። ተነሥታችሁ ሚክሰሩ ጋ ሂዱና በትሕትና የትኛው ቀይ መብራት እንደሚበራ ጠይቁ። መልሱን ቀድሞ የሚያውቅ የሳይንስ ተማሪ በዲላ እንዳይጠፋ ማድረግ የእኛው የሳይንስ ፋኩልቲዎች ሥራ ነው።