«ለትርፍ ያልቆመ» ማለት ለኪሳራ የቆመ ማለት አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሰኔ መገባደጃ ከተማ እየቀያየረ የሚያዘጋጀው በዓል የእግር ኳስ ውድድር ብቻ ሳይሆን ገበያም መሆኑ ይታወቃል። በሜዳው ዙሪያ ድንኳን ተተክሎ እንጀራው፣ ቡናውና የሀገር ልብሱ ይሸጣል። በየከተማው ያሉ ትናንሽ የኮሚኒቲ ማኅበራትም ለእንቁጣጣሽ ይህንኑ በአቅማቸው ያዘጋጃሉ። ትልቁም ትንሹም የሚቸገረው በአንድ ነገር ነው፤ በሒሳብ።

የበዓል ሒሳብ ክፉ ጠባይ አለው። ወጪው ይቀድማል፣ ገቢው ይዘገያል። የሜዳ ቀብድ፣ ኢንሹራንስና የመድረክ ክፍያ ከወራት በፊት ይጠየቃል። ትኬቱ በብዛት የሚሸጠው ግን በዕለቱ፣ በር ላይ ነው። ያን ቀን ዝናብ ከጣለ ገቢው ሲቀር ወጪው አይቀርም።

ክፍተቱን ለመሙላት ቀላሉ መንገድ አንድ ባለጸጋ ስፖንሰር መፈለግ ይመስላል። መዘዙን ግን እ.ኤ.አ. በ2012 አይተነዋል። ከስፖንሰር ጋር በተያያዘ ውዝግብ ወገን ተለይቶ በአንድ ሰሞን በዳላስና በዋሽንግተን ሁለት በዓል ተደገሰ። ገበያውም አብሮ ተከፈለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ኮሮና በዓሉን ጭራሽ አስቀረው።

ለእንዲህ ያለው ቀን መጠባበቂያ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከወጪ የተረፈውን ለግለሰቦች ጥቅም እንዳያውል እንጂ ጨርሶ እንዳይተርፈው አይከለክልም። ዕድሮቻችን ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ዕድር ሰው እስኪሞት ጠብቆ መዋጮ አይሰበስብም። በዓሉም የግድ የሆኑ ወጪዎቹን በትኬትና በድንኳን ኪራይ ይቻል፤ የስፖንሰር ገንዘብ ለዘፋኙና ለሽልማቱ ይዋል። ያኔ ስፖንሰሩ ቢያኮርፍ ድግሱ ይቀዘቅዛል እንጂ አይቀርም።

«ኪራይና መግቢያ ሲጨመር ሕዝቡ ይሸሻል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነትነት አለው፤ የድንኳን ኪራይ መጨረሻው የእንጀራው ዋጋ ላይ ነው የሚያርፈው። ይሁን እንጂ ሰውን ከመክፈል ይበልጥ የሚያስመርረው የከፈለው የት እንደገባ አለማወቁ ነው። ማኅበራቱ ለግብር መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡት ዓመታዊ መግለጫ ለሕዝብ ክፍት ቢሆንም በእንግሊዝኛ ቅጽ ውስጥ ገብቶ የሚፈልገው ስንቱ ነው? ያለፈው ዓመት ገቢ፣ ወጪና ተቀማጭ በአንድ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ ትኬት መሸጫው ላይ ይለጠፍ። ለዚህ ስፖንሰር አያስፈልግም።