ዓሣውም አማና ነው



አስኮ ብርዳማ ስለሆነች፣ ለልጆቻችን የመረጥነው ያለ ማሞቂያ የሚኖረውን ወርቃማ ዓሣ ነው። ሻጩ «ዛሬውኑ ክተቷቸው» ቢለንም አልቸኮልንም። የቧንቧ ውኃ የሚታከምበት ክሎሪን ለእኛ ጤና ቢሆንም የዓሣን መተንፈሻ ያቃጥላል፤ ባልዲው ሳይከደን አንድ ቀን ሲያድር ግን ይተናል። ውኃ በፈረቃ ለለመደ ቤት ማጠራቀም ምን ይከብደዋል!

የከበደን ሌላ ነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይሆናል። መርዙን የሚያከሽፉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ውኃውን ቶሎ ቶሎ፣ ግን በከፊል ብቻ መቀየር ያስፈልጋል። መስተዋቱን በሳሙና ማጠብማ አይታሰብም።

ልጆቹ ደግሞ በየደቂቃው ካላበላን አሉ። ድመት አስራ፣ ሳታበላትም ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት ስለቀረችው ሴት የመጣውን ሐዲስ ነግረናቸው ነበርና «እኛ እኮ እያበላን ነው!» ሲሉ ተከራከሩን። ክርክሩ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የተረፈው ምግብ በስብሶ ያው አሞኒያ ነው፤ ዓሣው ደግሞ ከመስተዋቱ ወጥቶ የሚሸሽበት የለውም። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ቁንጥር በቀን አንዴ ይበቃል። ሰዓቱን ከሱብሒ ሶላት በኋላ አደረግነው፤ ተረኛውን መቀስቀስ ቀርቶልናል፣ አልሐምዱሊላህ።