ዚያራችን ሁለት እጅ ይኑረው

እ.ኤ.አ. በ1924 በማንቸስተር የተመሠረተው የሴቶች የበጎ አገልግሎት ማኅበር ኢነር ዊል፣ ከዓላማዎቹ አንዱ የሕዝቦች መግባባት ነው። የአንድ አገር ክለብ አባላት የሌላውን አገር ክለብ እየዘየሩ ይማማራሉ።

እኛ አሶሳዎች ግን አውሮፕላን አላሻንም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ል. ወዲህ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው እህቶች በኩርሙክ በኩል ወደ ክልላችን ገብተዋል። ብዙዎቹ የበርታ እናቶቻችን ዐረብኛ ስለሚናገሩ አስተርጓሚም አንፈልግም። ታዲያ ጀመዓዎቻችን ሲዘይሯቸው ዱቄትና ሳሙና ሰጥተው ብቻ ለምን ይመለሳሉ? ከመካከላቸው መምህርት፣ አዋላጅ፣ ልብስ ሰፊ አይጠፋም። «ምን ጎደለሽ?» ስንል «ምን ታስተምሪናለሽ?» ብለንም እንጠይቃቸው። ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነ እንግዳ አንገቱን ይደፋል፤ የሚሰጠው ያለው ግን ጎረቤት ይሆናል።