ምላጩን አትሞርደው

«እንግዲህ ልነካካው ነው» አለኝ ወዳጄ። ቨርጂኒያ ውስጥ የገዛው ኤአር-15 ጠመንጃ ምላጩ አስመርሮታል። ይከብዳል፣ ሲሳብ ይንገጫገጫል፣ መቼ እንደሚለቅም አይታወቅም። ሞረዱንና መሳያ ድንጋዩን አዘጋጅቷል።

«አትንካው።»

«ለምን? ብረት አይደል እንዴ?»

«ጠንካራው ላዩ ብቻ ነው። ፋብሪካው ስስ ሽፋኑን ያጠነክረዋል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። እንደ ዳቦ ቅርፊት፣ እሱን ከላጥከው የሚቀርህ ልቡ ነው። ለጊዜው የሚጥም ምላጭ ታገኛለህ፤ ውሎ አድሮ ጠርዙ ይበላና መዶሻውን መያዝ ያቅተዋል።»

«አጎቴ የአደን ጠመንጃውን ምላጭ በገዛ እጁ ሲያስተካክል ኖሯል እኮ!»

«የአጎትህ በእጅ የሚቀባበል ነበር፤ ያንተ ራሱን በራሱ ያቀባብላል። ስትተኩስ ጣትህ ምላጩን እንደያዘ ነው። ጋዙ መቀባበያውን ወደ ኋላ ሲገፋው መዶሻውን ተጭኖ ያስተኛዋል፣ አንዲት ቆልማማ ጥርስም ቀለብ አድርጋ ትይዘዋለች። መቀባበያው አዲስ ጥይት ይዞ ሲመለስ በኃይል ይላተማል፣ ጠመንጃው በሙሉ ይነዝራል። ጣትህን ስትለቅ ጥርሷ መዶሻውን ለምላጩ ጠርዝ ታስረክባለች። ያንን ጠርዝ በሞረድ ካሳሳኸው ርክክቡ ላይ መዶሻው ያመልጣል፤ ሳትስበው ሁለተኛው ጥይት ይሄዳል። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ሕግ በአንድ ስበት ከአንድ ጥይት በላይ የሚተኩሰውን መትረየስ ብሎታል።»

«በሕግ አታስፈራራኝ። 1994 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንድ ኤአር-15 ባለቤትን ጉዳይ አይቶ፣ ሰውየው የመሣሪያውን ጠባይ ማወቁን መንግሥት ማስረዳት አለበት ብሏል።»

አንብቦ መጥቷል ለካ! «እሺ የሕግ ባለሙያው፣ የመጀመሪያዋን ጊዜ አላወቅሁም ትላለህ። ሁለት ጥይት ተከታትሎ ሲወጣ በጆሮህ ከሰማህ ወዲያስ?»

ሳቀ፤ ግን አልለቀቀኝም። ዋናውን ክርክር ለኋላ አቆይቶታል።

«ጠመንጃዬ ባዶውን 7 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ምላጩም ወደ 7 ይጠጋል። ጠመንጃውን ከመሬት በሚያነሳ ጉልበት እየጎተትሁ፣ እንዴት ነው አትነቃነቅ የምለው?»

እዚህ ላይ ረታኝ። የምላጭ ክብደት የሰነፍ ተኳሽ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ይህን ክርክር አልችለውም። ጣት የሚስበው ኃይል ወደ ጠመንጃው ክብደት በተጠጋ ቁጥር ስበቱ ትንሽ ከተዛነፈ አፈሙዙ አብሮ ይሄዳል። ክንድ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

«ውድድር ላይስ ስንት ነው የሚፈቀደው?» አለኝ፣ መርታቱን አይቶ።

ኦሃዮ፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር ካምፕ ፔሪ የሚባል ቦታ አለ፤ ከ1907 ጀምሮ ብሔራዊ የጠመንጃ ውድድር ይደረግበታል። በወታደር ጠመንጃ ዘርፍ ምላጩ ከ4.5 ፓውንድ፣ ማለትም ከ2 ኪሎ ትንሽ ከፍ ካለ፣ ማነስ የለበትም። የሚመረመረው እንዲህ ነው፦ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ይቀባበላል፣ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ይቆማል፣ ምላጩ ላይ ክብደት ይንጠለጠላል። ክብደቱ ከመሬት ሲነሳ መዶሻው ከወደቀ ጠመንጃው አላለፈም።

«በል እንግዲህ! እነሱ 4.5 እየሳቡ እኔ 7 የምጎትተው ለምን ኃጢአቴ ነው?»

«ቀላል ምላጭ ይኑርህ፤ እኔ የምቃወመው ሞረዱን ነው። ባለሁለት ደረጃ ምላጭ ተሠርቶ ይሸጣል፣ ያንን ግጠም። ስትጀምር ቀለል ብሎ ይሳብልሃል፣ ከዚያ ግድግዳ ታገኛለህ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ስትጨምር ይለቃል። ጣትህ ሳይነካው መዶሻው ጠልቆ እንደተያዘ ነው፤ ያዡ የሚሳሳው አንተ መሳብ ስትጀምር ነው። ቅለቱንም ደኅንነቱንም የምታገኘው በዚህ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲዘምት የታጠቀው ኤም ዋን ጋራንድ ምላጩ ባለሁለት ደረጃ ነበር።»

«ዋጋውን ግን አልነገርኸኝም።»

«ከመግዛትህ በፊት በነጻ የሚሠራ ነገር አለ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደጋግመህ አይ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጥ፣ ከዚያ አቀባብለህ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጥ። ምላጩን ስትስብ ሳንቲሟ ከወደቀች ጣትህም ሥራ አለበት።»

«በየስበቱ መልሼ ላቀባብል? እጄ ይዝላል።»

«ይዛል!»

ዝም አለ። ከዚያ፦ «እሺ፣ ሞረዱን ተውኩልህ። የመዶሻውን ሞላ ግን በላላ ሞላ እቀይራለሁ። ሞላ አይሞረድ!»

«ሞላው ሲላላ መዶሻው መርፌውን አጥብቆ አይመታም። የወታደር ጥይት መቀጣጠያው ጠንካራ ነው፤ ቀጭ ብሎ ይቀርብሃላ።»

«በቀላሉ የሚቀጣጠለውን እገዛለሁ።»

«እሱማ ይብስ። የኤአር መርፌ ወደ ኋላ የሚይዘው ሞላ የለውም። መቀባበያው ሲዘጋ መርፌው ወደ ፊት ይወረወርና መቀጣጠያውን ይነካል። ጥይት አጉርሰህ ሳትተኩስ አውጣና የቀለሁን ግርጌ እየው፤ መሐሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጎድጓዳ ምልክት ታገኛለህ።»

«ሳልተኩስ ነው የተመታው?»

«አዎ፣ ሳትተኩስ።»

«ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ላይ ታሳየኛለህ። ካላየሁ አላምንም፤ ሞላውን እንደሆነ አዝዣለሁ።»