ከማፍረሳችን በፊት እንማከር

አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ በብሎኬት ትልቅ መሥራት፣ የጥንቱን መስጊድ ንዶ ረጅም ሚናራ ማቆም ዛሬ የብዙ ምእመን ምኞት ነው። ምኞቱ ከፍቅር የመነጨ፣ ገንዘቡም በላብ የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ የምናፈርሰው ምን እንደሆነ አስቀድመን እንወቅ።

ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሳችሁ ከሆነ የመቅደሱን ዙሪያ የሞላውን ሥዕል አይታችኋል። ሥዕሉ ያረፈው በሸራ ላይ ነው፤ ሸራው ደግሞ በጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እንዲህ ባለ ቤት ጣራው ካፈሰሰ ጭቃው ይርሳል፣ ሸራው ይላቀቃል፣ ቀለሙ ይረግፋል። ክረምት ሳይገባ ጣራውን የሚደፍን ሰው የሥዕሉን ዕድሜ ያረዝማል። ደበዘዘ ብሎ በዘይት ቀለም የሚደርብበት ግን፣ በቅን ልብም ቢሆን፣ ዝናቡ የተወውን ያጠፋል።

ሐረር ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶች እንዳሉት ተጽፎለታል። የጀጎል ነባር ግንብ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ የሚለሰነውም በኖራ ነው። ኖራ እርጥበትን ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፤ ግድግዳው ከውጭ አምሮ ከውስጥ ይጎዳል።

ተገቢ ያልሆነ ጥገና በላሊበላም ደርሷል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጥገና ተብሎ አብያተ ክርስቲያናቱ ቀይ ቀለም ተቀቡ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራው ቡድን ያንን ቅብ ከአለቱ ላይ ሲያነሳ ብዙ ደክሟል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚጠገነው በቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድመ ፈቃድ ነው ይላል። የሰበካ ጉባኤና የመስጊድ ኮሚቴ አባላት፣ አንድ ድንጋይ ከማንሳታችሁ በፊት ባለሙያ አስጠሩ። ሥዕሉን፣ ሚህራቡን፣ የጣራውን እንጨት በፎቶግራፍ አስቀሩ። የአካባቢያችሁን ነባር አናጺና ግንበኛ አማክሩ፤ ወጣቶችም አጠገባቸው ሆነው ሙያውን ይማሩ።

ወሎ ላይ ክርስቲያኑ ለመስጊድ፣ ሙስሊሙ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ድንጋይ ማቀበሉ የቆየ ልማድ ነው። በማነጽ የተባበርን ሰዎች በመጠበቅም እንተባበር። መስጊዱ ሲፈርስ ክርስቲያኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ሲበላሽ ሙስሊሙ «የኔም ነው» ብሎ ይናገር።

ዋሽንግተንም ሆነ ጅዳ ሆናችሁ ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖቻችን፣ ለአዲሱ ሕንፃ ከመላካችሁ በፊት የአሮጌው ዕጣ ምን እንደሆነ ጠይቁ። መዳን የሚችል ከሆነም መዋጮአችሁ መጀመሪያ ለጣራው ጥገና ይዋል።